አንድ የተደረግንበት ሰሞን

እሁድ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018

ዛሬ ምን አለሽ ተራ ያለውን አዳራሻችንን ዘጋን። «ዘጋን» ስል፣ ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ወንጌላዊ ዘመንፈስቅዱስ ቁልፉን ሰጠኝና «በለጥሻቸው፣ እባክሽ አንቺ ቆልፊው» አለኝ። ቆለፍኩት። ከቀጠናው ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰውዬ ቁልፉን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ አጥቢያ ነን፤ ሃሌ ሉያ!» አለ። እኛም ሃሌ ሉያ አልን።

ወንድሜ ዘውገ አልገባም። ቤቱ ቢቀመጥ እኮ ይሻል ነበር። ከመንገዱ ማዶ ወርክሾፑን ከፍቶ፣ በሰንበት፣ ላሜራ ይቀጠቅጣል። እኛ እናለቅሳለን፣ እሱ ማንደጃ ይሠራል። «አሜን» ባልን ቁጥር መዶሻው ይመልስልናል። ሆን ብሎ ነው። ስድሳ ሦስት ሰው ፊት አዋረደኝ።

ምን አድርጌው ነው? የውህደቱን ቃለ ጉባኤ የፈረምነው ሦስት ሽማግሌዎች ነን። እኔ ብቻ አይደለሁም። ስሜ መጀመሪያ ላይ ያለው ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሐጀራ ጎረቤቴ ናት። እኔ ዘውገ የሚሠራውን ማንደጃ እሸጣለሁ፣ እሷ ጣሳና ጀሪካን ትሸጣለች። ወሎዬ ናት፣ አንደበቷ አይታሰርም። «ቤተ ክርስቲያናችሁን ለምን ዘጋችሁት?» አለችኝ።

«አልዘጋነውም፣ ተዋሃድን። እኛ ባለ እጅ ነን፤ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ የሚሉን። ሰባተኛ ሰፈር ያለው ትልቁ አጥቢያ የነጋዴዎቹ ነው። የመጣነው ከአንድ አገር፣ ቋንቋችን አንድ፣ መጽሐፋችን አንድ። ግን ከእኛ ጋር አይበሉም፣ ከእኛ ጋር አይጋቡም። ለዚህ ነው ለብቻችን የኖርነው። አሁን ቀጠናው ይህ ነውር ይብቃ ብሎ ወሰነ።»

«እኛም አገር ጠይብ ይሏቸዋል» አለች። «አባቴ ወላሂ ከጠይብ ቤት ውሃ አይቀምስም ነበር። ማረሻውን የሚያሠራው ግን እዚያው ነው።» ጀሪካኖቿን እያቀናች «ታዲያ እነሱ ወደ እናንተ መጡ፣ ወይስ እናንተ ወደ እነሱ ሄዳችሁ?»

«እኛ ሄድን። የእነሱ ሰፊ ነዋ።»

«እ» አለች።

ያቺ «እ» እስከ ማታ ስታናድደኝ ዋለች።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ዛሬውኑ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ «ተሳስተሽ ነው» ይሉኛል፣ እኔም አምናቸዋለሁ።

አቀባበላቸው ያማረ ነበር። በሩ ላይ ለእያንዳንዳችን አበባ ሰጡን። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ደነቀ፣ ዱባይ ተራ ትልቅ የጫማ ሱቅ ያላቸው፣ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ፈረሰው ግድግዳ ሲናገሩ አለቀሱ። እውነተኛ እንባ ነው። ወርደው አቀፉኝም። ልጄ ሎዛን ከመዘምራኑ ጋር አሰለፏት። ድምፅዋ ቤቱን ሞላው።

ከዚያ የጌታ እራት ሆነ። የዚያ አጥቢያ ጽዋ አንድ ነው። ሚስዮናውያን ትተውት የሄዱት ትልቅ የብር ጽዋ፣ ሁሉም እየተቀባበለ የሚጠጣበት፣ በየቀጠናው ስብሰባ የሚመኩበት። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ጽዋው የለም። አውራ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ኩባያ ነው በሰሐን በሰሐን የተደረደረችው። ለእኛም ለእነሱም። ጠጥተው ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይጥሏታል።

ስንወጣ «ጋሼ፣ ጽዋው የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ለጤና ነው፣ እህቴ። እንደምታውቂው ዘመኑ በሽታ የበዛበት ነው።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

በትልቁ አጥቢያ የጌታን እራት ማዕድ የምታሰናዳውን አሮጊት ገበያ ላይ አገኘኋት። እትዬ ቃሊ ይሏታል። እንደ ዋዛ «ፕላስቲኩ ከኮሮና ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ኧረ! በኮሮና ጊዜማ ጽዋውን በአልኮል እየወለወልን እንጠጣ ነበር። የተለወጠው እኮ ባለፈው ወር…» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ባለፈው ወር። እኛ የፈረምንበት ወር።

ምናልባት መገጣጠም ይሆናል። ክፉ ማሰብ የለብኝም። ገና ሁለተኛ ሳምንታችን ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ቸኩያለሁ፤ ገበያተኛ ቆሟል። ዘመንፈስቅዱስን ቢጫ ሰደርያ አልብሰውታል! ያንን የሚያንጸባርቀውን! በስምምነቱ ረዳት ሰባኪ ነው የሚለው። አሁን «የሥርዓት አስተባባሪ» ነህ አሉት። ግቢ በር ላይ ቆሞ መኪና ያስገባል። ሃያ ስድስት ዓመት የሰበከ ሰው፣ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ» ይላል።

«ለምን እሺ አልክ?» ብዬ ጮህኩበት።

«የጌታ ደጅ ነው» አለኝ። ፈገግ ብሎ! ሰደርያውን ቀድጄ ብጥልለት ደስ ባለኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ከአምልኮ በኋላ ለዘውገ ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የማበላው እኔ ነኝ፤ ቢቀየመኝም አላስርበውም። ሳህኑን ተቀበለኝና መብላት ሳይጀምር፣

«አዳራሹን ለጥሎሽ ሰጠሽው» አለኝ።

«ምን?»

«ሰምተሻል።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ውሸት ስለሆነ እዚህ ላስረዳው። ሎዛና የጋሽ ደነቀ ልጅ ድንበሩ ሁለት ዓመት ተዋደዋል። ቤተሰቡ «ዘራቸው ምንድን ነው?» ብሎ ከለከለ። በነሐሴ፣ ውህደቱ ሲጀመር፣ ጋሽ ደነቀ ለብቻዬ ጠርተውኝ «መጀመሪያ ቤታችን አንድ ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ልጆቹን የሚከለክል ማን አለ?» አሉኝ። ያሉት ይህንኑ ነው። ፊርማዬ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ለሕዝቡ አንድነት ነው የፈረምኩት። ልጄ የማንም ሰው ደጅ አይጠናላትም።

ዘውገ ሰው የሚያቆስልበትን ቦታ ያውቃል። ሳህኔን ነጥቄው መጣሁ። መንገድ ላይ ምግቡን ሳየው አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ቀጠናው ስድሳኛ ዓመቱን ህዳር 21 ያከብራል፤ የታሪክ መጽሔት ሊያሳትም ነው። «አንድ የሆንንበት ጉዞ» የሚለውን ገጽ አንቺ ጻፊው አሉኝ። ደስ አለኝ። ሳልደብቅ ጻፍኩት። እንዲህ ብዬ፦

አባቴ በ1962 ተጠምቆ የመጀመሪያውን የጌታ እራት ሰባተኛ ባለው አጥቢያ ወሰደ። ያኔ ጽዋው ሸክላ ነበር። አባቴ ጠጥቶ ሲመልሰው አንዱ ሽማግሌ ተቀብሎት ወጣና ድንጋይ ላይ ሰበረው። ከባለ እጅ አፍ የወጣ ዕቃ ነዋ። ያንን ጽዋ የሠራችው አያቴ ነበረች። ገበያ ላይ ከእጇ ገዝተውት ነው። በእጇ ሲሠራ አልረከሰም፣ ልጇ ሲጠጣበት ረከሰ።

በ1972 ደግሞ የደርግ ካድሬዎች አማኙን ሲያስሩ ዘር አልጠየቁም። አባቴና የጋሽ ደነቀ አባት ስምንት ወር በአንድ ክፍል ታሰሩ። በአንድ የሳልሳ ጣሳ ውሃ እየተቀባበሉ ጠጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1984 እንደገና ሲከፈት፣ አብሮ የጠጣው ሰው አባቴን «ለእናንተም የራሳችሁ ቦታ ቢኖራችሁ ይመቻችኋል» አለው። ምን አለሽ ተራ ያለው አዳራሽ የተሠራው ያኔ ነው፤ ከበርሜል በተቀጠቀጠ ላሜራ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ምስማር አቀብያለሁ።

ዛሬ ቀና ብዬ ሄጄ ሰጠኋቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

አዳራሻችን በር ላይ አይሱዙ ቆሟል። ካርቶን ያራግፋሉ። የጫማ ካርቶን! መስበኪያው ድረስ ተደርድሯል። ዘውገ ከማዶ እጁን አጣምሮ እኔን ያያል እንጂ መኪናውን አያይም።

ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ አየሁት። ተራ ቁጥር ሰባት፦ «የትንሹ አጥቢያ አዳራሽ በትልቁ አጥቢያ ሽማግሌዎች ውሳኔ ለተፈለገው አገልግሎት ይውላል።» ከሥሩ የእኔ ፊርማ።

ልብ አላልኩትም ነበር። ያን ዕለት ስብሰባው ረዝሞ፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ማንም ቢሆን ያልፈው ነበር።

ማክሰኞ፣ ህዳር 2

የመጽሔቱ ረቂቅ መጣ። አንድ ገጽ የጻፍኩት ሦስት መስመር ሆኗል፦

«ባለ እጅ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በፈቃዳቸው ለብቻቸው ሲያመልኩ ከቆዩ በኋላ፣ በዚህ ዓመት ወደ እናት አጥቢያቸው ተመልሰዋል። ክብር ለጌታ ይሁን። — በለጥሻቸው፣ ከምን አለሽ ተራ።»

በፈቃዳቸው! በእኔ ስም! የሞተ አባቴን እንደገና ገደሉት፤ ለዚያውም በልጁ እጅ።

ዓርብ፣ ህዳር 5

ጋሽ ደነቀ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱታ የለም፤ ፊት ለፊት ግን ምላሴ እምቢ አለኝና አንቱ እያልኩ ተጣላሁት።

«ጋሼ፣ የጻፍኩትን ማን ቆረጠው?»

«ቦታ ጠበበን፣ እህቴ። ደግሞስ በበዓል ቀን የድሮ ቁስል ምን ያደርጋል?»

«ታዲያ ስሜን አውጡት።»

«ስምሽማ ክብርሽ ነው። በዕለቱ የትልቁ አጥቢያ የመጀመሪያዋ ሴት ሽማግሌ ብለን ልንሾምሽ ነው እኮ።»

«አዳራሹስ? የእርስዎን ጫማ ነው ያጨቁበት።»

«ፈርመሽ የለ?» አለ ረጋ ብሎ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩ በወረቀት ኩባያ መጣ። የእሱ በብርጭቆ ነው። አላስተዋለም እንኳ! ይኼ ነው ያቃጠለኝ፤ ሆን ብሎ ቢያደርገው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ልጠይቀው ያልፈለግኩትን ጠየቅኩት። የልጆቹን ነገር። ድምፄ ቀጠነ፤ ራሴን ጠላሁት።

ጋሽ ደነቀ ሻዩን አማሰለ። «በለጥሻቸው፣ አንቺ አስተዋይ ሴት ነሽ። አብሮ ማምለክ ሌላ ነው፣ ደም መቀላቀል ሌላ ነው። እኔ ብቻዬን አይደለሁም፤ አገር ቤት ዘመድ አለኝ።»

«በነሐሴ እንዲህ አላሉኝም።»

«በነሐሴ ምን አልኩሽ? ማን ይከለክላል ነው ያልኩት። ይኸው እኔ አልከለከልኩም፤ ልጁ ራሱ ትቶታል።»

ከደረጃው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሰባተኛ እስክደርስ አንዱን ተሸካሚ ገፍቼ ሰድቤዋለሁ። ምን አደረገኝ ያ ምስኪን?

እሁድ፣ ህዳር 7

ሎዛን ላጽናናት ብዬ ሙሉ ቅዳሜ ቃል ስመርጥ ዋልኩ። ዛሬ ስነግራት ልብስ ማጠፏን አላቆመችም።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ትቼዋለሁ። ከፍልሰታ በፊት።»

«ምን?»

«"ቤተሰቦቼ ከጠየቁሽ የሌላ ሰፈር ሰው ነን በያቸው" አለኝ። የአጎቴን ሥራ እንድደብቅ። በዚያው ቀን ተውኩት። ነግሬሽ ነበር።»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«ማንደጃ እየቆጠርሽ። "ትታረቃላችሁ" አልሽኝ።»

ከፍልሰታ በፊት ማለት እኔ ሳልፈርም ማለት ነው።

«ማን ለምኝልኝ አለሽ?» አለችኝ። አልጮኸችም። ያጠፈችውን ልብስ መደርደር ጀመረች።

ዓርብ፣ ህዳር 12

ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፤ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ሐጀራ «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለች። ጭሱ ነው አልኳት። «እ» አለች። በዚህችኛዋ እንኳ አልተናደድኩም።

ማክሰኞ፣ ህዳር 16

ሹመቱን አልፈልግም ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ደግሞ ጻፍኩ። እምቢ ካልኩ «ኩራተኛ ናት፣ እነሱን ብታቀርባቸው እንዲህ ናቸው» ይላሉ። እሺ ካልኩ እኔ ነኝ ማስረጃቸው። ሁለቱንም መንገድ አስቀድመው አጥረውታል።

እሁድ፣ ህዳር 21

በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ውጭ ድረስ ወንበር ተደርድሯል። ከየአጥቢያው እንግዳ መጥቷል። መጽሔቱ ታደለ፤ ሦስቷ መስመር ከነስሜ ታትማለች። ከሹመቱ በፊት የጌታ እራት ነው ተባለ። ተሰለፍን። ኩባያውን የሚያድለው ጋሽ ደነቀ ራሱ ነው፤ ኮቱ ላይ ማይክ ሰክቷል። ተራዬ ሲደርስ ሰሐኑን ዘረጋልኝ። እጄን አልሰጠሁም።

«ጽዋውን ነው የምፈልገው» አልኩ።

«ቀጥዪ፣ እህቴ፤ ሰው ቆሟል።»

«እኔም ቆሜያለሁ።»

«ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ይህ የተቀደሰ ሰዓት ነው።»

«የሸክላውን በ1962 ሰበራችሁት» አልኩት። «ይሄኛው ብር ነው፤ አይሰበርም። ታዲያ ምን ያስፈራችኋል?»

ማይኩ የእኔንም ድምፅ ይዞ ኖሯል። ውጭ የተቀመጡት ሳይቀሩ ሰሙት። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ እጁን ከቁልፎቹ አነሳ።

ጋሽ ደነቀ ወደ በሩ በእጁ ጠራ። ዘመንፈስቅዱስ በቢጫ ሰደርያው ገባ። «እህታችንን አረጋግተህ ወደ ውጭ አድርሳት» አለው።

ዘመንፈስቅዱስ አየኝ። ሰደርያውን አወለቀ። አጣጥፎ (እሱን እንኳ አጣጥፎ!) ከኩባያዎቹ አጠገብ አስቀመጠውና ከኋላዬ ቆመ።

«እኔም ወረፋ ልያዝ» አለ።

ሎዛ ከመዘምራኑ መሐል ወርዳ ከእሱ ኋላ ቆመች። ከእኛ ሰዎች አንዳንዱ ተከተለ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም። በመጨረሻ እትዬ ቃሊ ከጥግ ተነሳች፤ ማንም ሳያዛት። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ ከፈተች፣ ጽዋውን አወጣች፣ ሞላችው፣ አመጣችልኝ። እስከ አፉ ስለሞላችው ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

ጠጣሁ። ዘመንፈስቅዱስ ጠጣ፣ ሎዛ ጠጣች፣ ከእኛ ሠላሳ የሚሆኑ ጠጡ። ከእነሱ ወገን እትዬ ቃሊን ጨምሮ ስድስት ሰው። የቀረው ጎን ለጎን ሌላ ሰልፍ ሠርቶ ወደ ፕላስቲኩ ሄደ። ድንበሩም እዚያኛው ላይ ነበር፤ ሎዛ ቀና ብላ አየችው፣ እሱ ጫማውን አየ።

ሹመቱ «ለጊዜው ተላልፏል» ተባለ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 23

የእገዳ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ሥርዓተ አምልኮን በማወክ»። ለስድስት ወር መናገርም መምረጥም አልችልም። ከእትዬ ቃሊ ቁልፉን ተቀበሏት። ከእኛዎቹ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ «ተቀብለውን ነበር፤ አንቺ አበላሸሽብን» አለችኝ። ነጠላዬን ስቤ መንገዴን ቀጠልኩ። ሌላውን ሁሉ መልሼለታለሁ።

ሐሙስ፣ ህዳር 25

ዘውገ ጋ ሄድኩ። ላሜራ ሲቆርጥ ደረስኩ። ተቀመጪ እንኳ ሳይለኝ ጀመርኩት።

«ተራ ቁጥር ሰባትን አንብቤዋለሁ።»

መቀሱን አቆመ።

«ከመፈረሜ በፊት አንብቤዋለሁ፣ ዘውገ። መብራትም አልጠፋም ነበር። አዳራሹ እንደሚሄድ አውቄ ፈረምኩ። ለሎዛ ብዬ። ሎዛ ደግሞ ሰውዬውን ያኔውኑ ትታው ነበር።»

ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን መቀሱን ላሜራው ላይ አስቀመጠ።

«ስታነቢው አይቼሻለሁ» አለ። «በመስኮት። ጣትሽ ሰባት ላይ ቆሞ ነበር። ገብቼ እጅሽን መያዝ ነበረብኝ። ወጥቼ ሄድኩ፤ ከዚያ በየእሁዱ መዶሻ አነሳሁብሽ።»

ወጥቼ ምሳ አመጣሁለት። ከአንድ ሳህን በላን።

እሁድ፣ ህዳር 28

ከሰዓት በኋላ ዘውገ ወርክሾፑን ጠርጎ፣ ማንደጃዎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ሁለት አግዳሚ ዘረጋ። ሃያ ስምንት ሰው መጣ። ዘመንፈስቅዱስ ያለ ማይክ ሰበከ፤ ማዶ ጫማ የሚያራግፉት ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ። እትዬ ቃሊ በር ላይ ቆማ «ልግባ?» አለች፤ ዘውገ የራሱን በርጩማ ሰጣት። ሐጀራ ሱቋን ሳትዘጋ እየመጣች ታይና ትመለስ ነበር።

ሲያልቅ ዘውገ «ጠዋት ሰባተኛ ሄደሽ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«ሄጃለሁ። ፊት ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት። ከጎኔ ያሉት ተነስተው ሌላ ቦታ ሄዱ።»

«እዚህ ቦታ እያለሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አዳራሻችንን እስኪመልሱ አልወጣላቸውም። ስሜ መዝገባቸው ላይ ነው።»

«ይሰርዙሻል።»

«ይሰርዙኝ፤ በራሳቸው እጅ ግን ይጻፉት። የእኔን ፊርማ ሁለተኛ አያገኙም።»

የሚመጣው እሁድ አብሬሽ ልሂድ አለኝ። መዶሻህን ከተውክ ና አልኩት።